ጫፉ አንድ ነው ወይ? ራስን የማወቅ መንገዶች በሂንዱ ፍልስፍና

ስለ ሂንዱ እምነት ወሬ ሲነሳ አንድ አባባል አይቀርም። «መንገዱ ብዙ ነው፣ መድረሻው ግን አንድ» ይባላል። ተራራው አንድ ነው፤ አንዱ በምሥራቅ ይወጣል፣ ሌላው በምዕራብ፣ ጫፉ ላይ ሁሉም ይገናኛሉ። ደስ የሚል አባባል ነው። ማንንም አያስቀይምም። ዮጋ የሚያስተምሩ ሰዎችም በጣም ይወዱታል።

የጥንቶቹ የህንድ ፈላስፎች ግን ይህን ቢሰሙ አብዛኞቹ ይቆጡ ነበር። ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ የተከራከሩት ስለ መንገዱ ብቻ አልነበረም። ዋናው ጠብ ስለ ጫፉ ነው። አንዱ ወገን «እዚያ ስትደርስ፣ ለብቻህ የቆምክ ሰው ሆነህ እንደማታውቅ ይገባሃል» ይላል። ሌላው «እዚያ ስትደርስ አምላክህን ለዘላለም ታገለግላለህ፤ አንተ አንተ ነህ፣ እሱም እሱ ነው» ባይ ነው። ሦስተኛው ደግሞ አምላክን ጭራሽ አያነሳም። እነዚህ ሦስቱ አንድ ቦታ ይገናኛሉ ማለት ለእኔ ይከብደኛል።

ስለዚህ መንገዶቹን ከመቁጠራችን በፊት አንድ ጥያቄ ይዘን ብንገባ ይሻላል። እያንዳንዱ ወገን የሰው ችግር ምንድን ነው ይላል? ይህ ከታወቀ መንገዱ ለምን እንደዚያ እንደሆነ ለመረዳት አያስቸግርም።

መጀመሪያ የሚስማሙበትን እንያዝ። ሰው አንዴ ተወልዶ፣ አንዴ ሞቶ አያበቃም። ይሞታል፣ እንደገና ይወለዳል፣ እንደገና ይሞታል። ይህን መጀመሪያ የሌለው ዙር ሳምሳራ ይሉታል። ቀጣዩን ልደት የሚወስነው ካርማ ነው፤ ሰው የሠራው ሥራ ከነውጤቱ ማለት ነው። በጎ ሥራ ጥሩ ልደት ያመጣል። ግን እሱም ያልቃል። ሰማይ ቤት እንኳ ብትገባ ሒሳብህ ሲያልቅ ትመለሳለህ። ከዚህ ዙር ጨርሶ መውጣት ሞክሻ ይባላል። (በጥንቷ ህንድ «ይህ ሁሉ ተረት ነው፣ ሥጋ ከሞተ በቃ አለቀ» የሚሉ ቻርቫካ የተባሉ ሰዎችም ነበሩ። እነሱ ዛሬ አይመለከቱንም።)

ጨውና ውሃ

የክርክሩ ምንጭ ኡፓኒሻዶች ናቸው። ቬዳ ከሚባሉት ጥንታዊ የሂንዱ ቅዱሳት መጻሕፍት መጨረሻ ላይ የሚገኙ የጥያቄና መልስ ጽሑፎች ናቸው፤ ጥንታዊዎቹ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛውና በ6ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ እንደተዘጋጁ ይገመታል።

ቻንዶግያ በተባለው ኡፓኒሻድ ውስጥ ኡዳላካ የሚባል አባት አለ። ልጁ ሽቬታኬቱ በ12 ዓመቱ ለትምህርት ሄዶ በ24 ዓመቱ ቬዳዎቹን ሁሉ አጥንቶ ይመለሳል። ተኮፍሶ ነው የመጣው። አባት መኮፈሱን ያይና ይጠይቀዋል። ያልተሰማው የሚሰማበትን፣ ያልታወቀው የሚታወቅበትን ነገር መምህሮችህ አስተምረውሃል? ልጁ እንዲህ ያለ ነገር መኖሩንም አያውቅም።

አባት ጨው ሰጥቶ ውሃ ውስጥ እንዲጨምረው ያዘዋል። በማግስቱ «ያን ጨው አምጣልኝ» ይለዋል። ልጁ ቢፈልግ ጨው የለም፤ ሟሙቷል። «እስቲ ከላይ ቅመሰው።» ጨው ጨው ይላል። ከመሃል ሲቀምስም፣ ከታች ሲቀምስም ያው ነው። አይታይም፣ ግን የሌለበት ቦታ የለም። ከዚያ አባት እስከ ዛሬ የምታከራክረውን ቃል ይናገራል፦ «ያ አንተ ነህ፣ ሽቬታኬቱ»።

«ያ» የተባለው ብራህማን ነው ይላሉ ሊቃውንቱ፤ ያለ ነገር ሁሉ የቆመበት መሠረት። «አንተ» የተባለው ደግሞ አትማን ነው፤ ስም፣ መልክና ጠባይ ሲነሳለት የሚቀረው የሰው እውነተኛ ራስ። ሁለቱ እንዴት ነው የተገናኙት? አንድ ናቸው? ተዋደዋል? ይመሳሰላሉ? ቬዳንታ የሚባለው ፍልስፍና በሙሉ ይህን ለመመለስ የተነሳ ነው። ወደዚያ ከመግባታችን በፊት ግን በሌላ በር የገቡ ሰዎችን እንይ።

ተመልካቹና ዳንሰኛዋ

ሳንክያ ከህንድ የፍልስፍና ትምህርት ቤቶች ሁሉ ጥንታዊ ከሚባሉት አንዱ ነው። የተረፈልን ዋና ጽሑፉ ኢሽቫራክሪሽና የተባለ ሰው በ4ኛው ወይም በ5ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በ70 ገደማ ግጥሞች ያዘጋጀው ነው።

በሳንክያ ትምህርት ያሉት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ፑሩሻ ነው፤ ንጹሕ ንቃት። ያያል፣ ግን ምንም አይሠራም። ሁለተኛዋ ፕራክሪቲ ናት፤ ተፈጥሮ። ሁሉን ትሠራለች፣ ግን አታይም።

እስከዚህ ድረስ የሥጋና የነፍስ ነገር ይመስላል። አይደለም። እኛ ሐሳብን፣ ስሜትን፣ ትዝታን ከነፍስ ጋር እንመድባለን። ሳንክያ እነዚህን ሁሉ ወደ ተፈጥሮ ይወረውራቸዋል። አእምሮህ፣ ውሳኔህ፣ «እኔ» የምትለው ስሜት ሳይቀር ከውሃና ከአፈር ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ረቀቅ ይላሉ እንጂ። በዝርዝራቸው 24ቱ ነገሮች የተፈጥሮ ናቸው። 25ኛው ፑሩሻ ለብቻው ነው። እኔ በግሌ ከሂንዱ ፍልስፍና ውስጥ በጣም የሚያስደነግጠው ሐሳብ ይህ ይመስለኛል። «እኔ» ብለን የምንጠራው ነገር አብዛኛው እኛ አይደለም ማለት ነው።

እንግዲህ ችግሩ ማምታታት ነው። አእምሮ ያዝናል፤ ተመልካቹ «አዘንኩ» ይላል። ሥጋ ያረጃል፤ ተመልካቹ «አረጀሁ» ይላል። መፍትሔው መለየት ነው፣ ሌላ የለም። መሥዋዕት አያወጣም። ጸሎት አያወጣም። ኢሽቫራክሪሽና ነገሩን በዳንሰኛ ይመስለዋል። ዳንሰኛ ለታዳሚው ራሷን ካሳየች በኋላ ጭፈራውን ታቆማለች። ተፈጥሮም ተመልካቹ በደንብ ካያት በኋላ ለእሱ መጨፈሯን ትተዋለች። የሚቀረው ካይቫልያ ይባላል፤ ለብቻ መሆን። ከአምላክ ጋር መገናኘት የለም፤ ከሌሎች ጋር መዋሐድም የለም። ፑሩሻዎች ብዙ ናቸው፤ ነጻ የወጣውም ብቻውን ነው ነጻ የሚወጣው።

ይህን ማወቅ ቀላል ነው፤ መኖር ግን ሌላ ነገር ነው። «እኔ ሐሳቤ አይደለሁም» ብሎ ማመን ይቻላል። አንድ ሰው ሲሰድብህ ግን አመንኩት ያልከው ሁሉ ይጠፋል። ዮጋ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የፓታንጃሊ የዮጋ ሱትራዎች 195 ገደማ እጅግ አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። ያለ ትርጓሜ አይገቡም፤ እንደ እኛ አንድምታ በመምህር አፍ የሚፈቱ ናቸው። ሁለተኛዋ ሱትራ ዮጋ ምን እንደሆነ ትናገራለች፦ የአእምሮን እንቅስቃሴ ጸጥ ማሰኘት። ያኔ ተመልካቹ በራሱ መልክ ይቆማል፤ ሌላ ጊዜ ግን የአእምሮውን መልክ ይይዛል። ያው የሳንክያ ሐሳብ ነው፣ ልምምድ ተጨምሮበት።

ልምምዱ ስምንት ክፍል አለው። የሚጀምረው ከጠባይ ነው፦ አለመጉዳት፣ አለመዋሸት፣ አለመስረቅ፣ ራስን መግዛት፣ አለመሰብሰብ። ከዚያ ንጽሕናና ያለው ይበቃኛል ማለት። ከዚያ አቀማመጥ፣ ትንፋሽ፣ ስሜትን ወደ ውስጥ መሳብ፣ ሐሳብን አንድ ቦታ ማሰር፣ ተመስጦ፣ በመጨረሻም ሳማዲ የሚባለው ጥልቅ ጸጥታ። ስለ አቀማመጥ የተጻፉት ሦስት አጫጭር ሱትራዎች ናቸው። ዋናው ምክራቸው አቀማመጥህ የጸናና የተመቸ ይሁን የሚል ነው። በጭንቅላት መቆም የሚባል ነገር አታገኙም። ዛሬ ጂም ውስጥ የምናየው ዮጋ ሥሩ ቆየት ካሉት የሃታ ዮጋ መጻሕፍት ቢመጣም፣ አሁን ያለውን መልክ የያዘው በአብዛኛው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ነው። በማይሶር ቤተ መንግሥት ያስተምር የነበረው ክሪሽናማቻርያና ተማሪዎቹ ትልቁን ድርሻ ይወስዳሉ።

ፓታንጃሊ ከሳንክያ የሚለይበት አንድ ነገር አለ። ኢሽቫራ የሚባል ጌታ ያስገባል። ግን ይህ ጌታ ዓለምን ሲፈጥር አይታይም። ካርማ ነክቶት የማያውቅ ልዩ ፑሩሻ ነው፤ ራስን ለእሱ መስጠት አእምሮን ለማረጋጋት ይረዳል። ነገሩ የአማኝ ሰው ልብ የሚያሞቅ አይደለም።

እባቡ የነበረው ገመድ ነው

አሁን ወደ «ያ አንተ ነህ» እንመለስ። ከተርጓሚዎቹ ሁሉ ስሙ የገነነው ሻንካራ ነው። ሊቃውንት በ8ኛው ክፍለ ዘመን ያስቀምጡታል። የተወለደው ካላዲ በተባለ ቦታ ነው ይባላል፤ ካላዲ ዛሬ የኬረላ ግዛት ውስጥ ናት፣ ከኮቺ አውሮፕላን ማረፊያም ሩቅ አይደለችም። ዱባይ ወይም ዶሃ የሠራ አበሻ ሁሉ የኬረላ ሰዎችን ያውቃቸዋል፤ የሻንካራ አገር ልጆች ናቸው። በትውፊቱ የሞተው በ32 ዓመቱ ነው።

ትምህርቱ አድቫይታ ይባላል፤ ሁለትነት የሌለው። ሻንካራ «ያ አንተ ነህ» የሚለውን እንዳለ ይወስደዋል። በአትማንና በብራህማን መካከል ምንም ልዩነት የለም። የቅርብ ዝምድና አይደለም፤ ራሱ ነው። ታዲያ ለምን ብዙ እንመስላለን? አለማወቅ ነው። የሚያነሳው ምሳሌ የታወቀ ነው። ሰው በጨለማ ገመድ ያይና እባብ መስሎት ይደነግጣል። ላቡ እውነት ነው፣ የልቡ ምት እውነት ነው። እባብ ግን አልነበረም።

ምሳሌው ምን እንደሚያስከትል ልብ በሉ። ያን እባብ በዱላ ብትመታው አይሞትም። ብትጸልይለት አይሄድም። መብራት ነው የሚያስፈልግህ። ሻንካራ ሥራ ነጻ አያወጣም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። በሥራ የሚገኝ ነገር ሁሉ መጀመሪያ አለው፤ መጀመሪያ ያለው ሁሉ ደግሞ ያልቃል። ሞክሻ ግን የሚያልቅ ከሆነ ሞክሻ አይደለም። ስለዚህ ነጻነት የሚገኝ ነገር ሊሆን አይችልም። አስቀድሞ የነበረ፣ የተሸፈነ ብቻ መሆን አለበት። መሥዋዕት፣ ምጽዋት፣ አምልኮ፣ የዮጋ ልምምድ፣ ሁሉም ልብን ያጠራሉ፤ ዋጋቸው እዚያ ላይ ያበቃል።

መንገዱም እንደዚያው ነው። ተማሪው መጀመሪያ መብቃት አለበት። የሚያልፈውን ከማያልፈው መለየት፣ የዚህንም የሰማዩንም ደስታ አለመጓጓት፣ አእምሮውን መግዛት፣ ነጻነትን አጥብቆ መሻት። ከዚያ ከመምህር እግር ሥር ቁጭ ብሎ ቃሉን ይሰማል፣ በክርክር ይፈትነዋል፣ ጥርጣሬው እስኪያልቅ ያሰላስለዋል። ማወቁ አንዴ ከመጣ ሞት መጠበቅ አያስፈልግም። በሕይወት እያለ ነጻ የወጣ ሰው ጂቫንሙክታ ይባላል። ይበላል፣ ይታመማል፣ ያረጃል። ግን እባቡን ዳግመኛ አያየውም።

ብዙ ሰው ሻንካራ «ዓለም የለችም» ብሏል ይላል። እንዲህ ቀላል አይደለም። እንደ ሕልም ናት፤ እስክትነቃ ድረስ የራሷ ሕግ አላት፣ በውስጧም ጥማት በውሃ ይረካል። እንደ ቀንድ ያለው ጥንቸል ጭራሽ የሌለች አይደለችም። እንደ ብራህማንም እውነት አይደለችም።

ዝንጀሮና ድመት

ከሻንካራ በኋላ የተነሳው ትልቁ ተቃዋሚ ራማኑጃ ነው። ከታሚል አገር ነው፤ በትውፊቱ እ.ኤ.አ. ከ1017 እስከ 1137 ኖሯል፣ ድፍን 120 ዓመት። ዕድሜውን ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠራጠሩታል፤ የሥራውን ዘመን ግን ማንም አይክድም። መቀመጫው በካቬሪ ወንዝ መሃል ደሴት ላይ ያለው የሽሪራንጋም ቤተ መቅደስ ነበር።

ራማኑጃ ሻንካራን የሚጠይቀው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፣ ግን መውጫ ያሳጣል። አለማወቁ የማን ነው? ብራህማን ብቻ ነው ያለው ካልክ፣ ያላወቀው ብራህማን ነው ማለት ነው። ሁሉን የሚያውቅ እንዴት አላወቀም? የለም፣ ያላወቀችው ነፍስ ናት ካልክ ደግሞ፣ ነፍስ ራሷ የአለማወቅ ውጤት ናት ብለሃል። የአድቫይታ ሊቃውንት ብዙ መልስ ሰጥተዋል። ለእኔ አንዱም ሙሉ በሙሉ አላረካኝም። እነሱ «ከነቃህ በኋላ ጥያቄው አይኖርም» ይላሉ፤ ላልነቃ ሰው ይህ ብዙም አይጠቅምም።

ራማኑጃ «ያ አንተ ነህ»ን በሌላ መንገድ ይፈታዋል። ነፍሶችና ዓለም የአምላክ አካል ናቸው። ሥጋ ያለ ነፍስ አይቆምም፤ ነፍስም በሥጋ ትገለጣለች። እንደዚሁ እኛም ራማኑጃ ከሚያመልከው አምላክ ከቪሽኑ ተለይተን አንቆምም። አንድነቱ እውነት ነው፣ ልዩነቱም እውነት ነው። የሰው ችግር እንግዲህ የእይታ ስህተት ብቻ አይደለም። የማን እንደሆነ ረስቶ ከባለቤቱ ፊቱን ማዞሩ ነው። መድኃኒቱም ባክቲ ነው፤ ሳይቋረጥ በፍቅር ማሰብ። ራማኑጃ ማወቅን አልናቀም። ግን ፍቅር የሌለበት ማወቅ ለእሱ ማወቅ አይባልም።

የታወቀ ታሪክ አለ። አንድ መምህር ምስጢራዊ ጸሎት ያስተምረውና «ለማንም ብትናገር ገሃነም ትገባለህ» ብሎ ያስምለዋል። ራማኑጃ በማግስቱ የቤተ መቅደሱ ደጀ ሰላም ላይ ወጥቶ ለተሰበሰበው ሕዝብ ሁሉ ጮኾ ይናገረዋል። መምህሩ ቢቆጣው «እኔ አንዱ ገሃነም ገብቼ እነዚህ ሁሉ ቢድኑ ምን አለበት» አለ ይባላል። ታሪክ ይሁን ትውፊት፣ ተከታዮቹ ስለ እሱ ምን እንደሚያስቡ ያሳያል።

ከራማኑጃ በኋላ ተከታዮቹ ለሁለት ተከፈሉ። ጥያቄው ስለ ጸጋ ነበር፤ ለእኛ አንባቢም እንግዳ አይሆንበትም። ሰው ለመዳን ምን ያህል መሥራት አለበት? የሰሜኖቹ፣ ቫዳካላይ የሚባሉት፣ እንደ ዝንጀሮ ግልገል ነው አሉ። እናቱ ትዘላለች፣ ትሸከመዋለች፤ እሱ ግን ደረቷን ጨብጦ መያዝ አለበት። የደቡቦቹ፣ ቴንካላይ፣ እንደ ድመት ግልገል ነው አሉ። እናት ማጅራቱን ነክሳ ታነሳዋለች። እሱ ምንም አያደርግም። የእሱ ድርሻ አለመታገል ብቻ ነው።

ይህ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ሁለቱ ወገኖች ግንባራቸው ላይ የሚቀቡት ምልክት ሳይቀር ይለያያል። በካንቺፑራም ቤተ መቅደስ ውስጥ የትኛው ወገን ዝማሬውን ይምራ የሚለው ጠብ በእንግሊዞች ዘመን ፍርድ ቤት ገባ፤ በእኛም ዘመን የማድራስ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኞችን ሲያደክም ቆይቷል።

ልዩነቱ የማይጠፋ ነው

በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተነሳው ማድቫ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥግ ወሰደው። አገሩ በካርናታካ ጠረፍ ያለችው ኡዱፒ ናት። ትምህርቱ ድቫይታ ነው፤ ሁለትነት። አምላክ ሌላ፣ ነፍስ ሌላ። ነፍስና ነፍስ ይለያያሉ። ነፍስና ቁስ ይለያያሉ። አምላክና ቁስ፣ ቁስና ቁስም እንደዚሁ። «ያ አንተ ነህ» የሚለውንስ? ማድቫ የሳንስክሪቱ ድምፅ በሌላ ቦታ ሊቆረጥ ይችላል አለና «ያ አይደለህም» ብሎ አነበበው! ድፍረቱ ይገርማል።

በማድቫ ሞክሻ ውስጥ ነጻ የወጡት እንኳ እኩል አይደሉም። እያንዳንዱ ነፍስ እንደ መጠኗ ደስ ይላታል። ይባስ ብሎ ለዘላለም የማይድኑ ነፍሶች አሉ ይላል። በሂንዱ ትምህርት ውስጥ ይህ በጣም ያልተለመደ ነው፤ ሌሎቹ ስንት ሺህ ልደት ቢፈጅም በሩ ለሁሉም ክፍት ነው ብለው ያስባሉ።

ሌሎችም አሉ። በአመክንዮ የታወቁት የኒያያና የቫይሼሺካ ሰዎች ሞክሻ የሕመም ፍጻሜ ብቻ ነው ይላሉ። ነፍስ ከአእምሮና ከሥጋ ስትላቀቅ ሕመም አይኖርም፤ ደስታም፣ ማወቅም አይኖርም። «በእነሱ ሞክሻ ከምድን በቭሪንዳቫን ጫካ ቀበሮ ሆኜ ብኖር ይሻለኛል» የሚል የቆየ የክሪሽና ወዳጆች ቀልድ አለ። ቭሪንዳቫን አምላኩ ክሪሽና ያደገበት ጫካ ነው።

ሺቫ የተባለውን አምላክ የሚያመልኩት የካሽሚር ፈላስፎች ግን ሰፋ ያለ ቦታ ይገባቸው ነበር። በ1000 እ.ኤ.አ. አካባቢ የኖረው አቢናቫጉፕታ ከመካከላቸው ትልቁ ነው። እንደ ሻንካራ ያለው አንድ ብቻ ነው ይላሉ። ግን ዓለምን ሕልም አያደርጓትም። ዓለም ሺቫ በፈቃዱ የሚጫወተው እውነተኛ ጨዋታ ናት። ራስን ማወቅ ለእነሱ አንዱን ከሌላው መነጠል አይደለም፤ ፊት ለፊት የቆመን ሰው «እሱ ነው» ብሎ እንደ ማወቅ ነው። ኡትፓላዴቫ የተባለው መምህራቸው ስለ አንድ ጎበዝ ዝና ሰምታ የወደደችውን ሴት ያነሳል። ሰውየው ፊቷ ቆሟል፣ እሷ ግን እንደ ማንም መንገደኛ ታየዋለች። አንድ ሰው «እሱ እኮ ነው» ይላታል። ያኔ ሁሉ ነገር ይለወጣል፤ በሰውየው ላይ ግን የተጨመረ የለም።

አራት መንገዶች የሚለው ከየት መጣ?

አሁን ወደ ተራራው እንመለስ። መነሻ የለውም ማለት አይቻልም። በሪግ ቬዳ ውስጥ «ያለው አንድ ነው፣ ጠቢባን በብዙ ስም ይጠሩታል» የሚል ጥንታዊ ስንኝ አለ። ባጋቫድ ጊታ የተባለው ቅዱስ መጽሐፍም ይረዳል። በ700 ስንኞቹ ክሪሽና ለጦረኛው አርጁና በኩሩክሼትራ የጦር ሜዳ ላይ ስለ ማወቅ፣ ስለ ፍቅርና ስለ ሥራ ይነግረዋል። ሥራህን ሥራ፣ ፍሬው ግን ያንተ አይደለም ይለዋል። መጽሐፉ ሁሉንም ስለያዘ ሁሉም የራሱን አነበበበት። ሻንካራ ማወቅን አገኘ፣ ራማኑጃ ፍቅርን። እንግሊዞች በበርማ ከተማ በማንዳሌይ ያሰሩት የህንድ ነጻነት ታጋይ ቲላክ እስር ቤት ሆኖ በጻፈውና በ1915 በታተመው መጽሐፉ የጊታ ፍሬ ነገር ተግባር ነው አለ። ጋንዲ ደግሞ ጦርነቱ በሰው ልብ ውስጥ ያለ ነው ብሎ ተረጎመው።

አራቱን መንገዶች አሁን በምናውቀው ቅርጽ ያደላደለው ግን ቪቬካናንዳ ነው። በ1893 በቺካጎ የዓለም ሃይማኖቶች ጉባኤ ላይ የተናገረው ወጣት መነኩሴ ማለት ነው። ለሚያስብ ሰው የዕውቀት ዮጋ፣ ስሜቱ ለሚበረታ የፍቅር፣ ለሠራተኛ የሥራ፣ ለመመራመር ለሚወድ የተመስጦ። እንደ ጠባይህ ምረጥ። መምህሩ ራማክሪሽና በካልካታ አቅራቢያ በዳክሺኔሽዋር፣ ካሊ በተባለችው ሴት አምላክ ቤተ መቅደስ የኖረ ሰው ነበር። የካሊን አምልኮ፣ የክሪሽናን ፍቅር፣ የአድቫይታን ተመስጦ፣ ለተወሰነ ጊዜም እስልምናንና ክርስትናን በራሱ ሞክሮ ሁሉም ያደርሳሉ ብሏል።

ይህ ትልቅ ልግስና ነው፤ አልክደውም። አንድ ነገር ግን አስተውሉ። በቪቬካናንዳ ተራራ ጫፍ ላይ የተቀመጠው የሻንካራ አንድነት ነው። ሁለትነትን የሚያስተምሩት ተሳስተዋል አይባሉም፤ ገና መንገድ ላይ ናቸው ይባላሉ። ለማድቫ ተከታይ ይህ ልግስና ሳይሆን በጨዋ ቋንቋ የተነገረ ተቃውሞ ነው።

ሌላም የሚዘለል ነገር አለ፤ ማን መሄድ ይፈቀድለታል የሚለው። ሻንካራ የቬዳንታ መሠረት በሆነው በብራህማ ሱትራ ላይ በጻፈው ትርጓሜ ሹድራ የተባሉት የታችኛው መደብ ሰዎች ቬዳን እንዳይማሩ የሚከለክለውን ሕግ ይደግፋል። ሁሉ አንድ ነው ያለው ሰው ይህን መጻፉ ተከታዮቹን እስከ ዛሬ ያስጨንቃል። የባክቲው በር ሰፋ ያለ ነበር። ካቢር ሸማኔ ነበር፣ ራቪዳስ ከቆዳ ሠሪዎች ወገን። አንዳል በታሚል፣ ሚራባይ በራጃስታን ለአምላካቸው የዘመሩ ሴቶች ናቸው፤ መዝሙራቸው ዛሬም ይዘመራል። ቤተ መቅደሶቹ ግን በራቸውን ለሁሉም የከፈቱት ብዙ ዘግይተው፣ ሕግም ተጨምሮ ነው። ባክቲ ብዙውን ሕዝብ የያዘው በክርክር ስላሸነፈ አይመስለኝም። ሳንስክሪት ሳይጠይቅ በአገሬው ቋንቋ ስለዘመረ ነው።

በቅርቡ ዘመን ማወቅንና ፍቅርን ጎን ለጎን ያስቀመጠ አንድ ሰው ላንሳ። ራማና ማሃርሺ በ1896 የ16 ዓመት ልጅ ሳለ በማዱራይ ድንገት የሞት ፍርሃት ያዘው። ተጋድሞ የሞተ መሰለ፤ «ሥጋው ሞተ፣ እኔስ ሞትኩ?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ቲሩቫናማላይ ሄዶ በአሩናቻላ ተራራ ሥር በ1950 እስኪሞት ኖረ። ለመጡት ሁሉ የሚነግራቸው አጭር ነበር። «እኔ ማን ነኝ?» ብለህ ጠይቅ። ይህ ካልሆነልህ ራስህን ለአምላክ አስረክብ፤ ሁለቱም አንድ ናቸው ይል ነበር።

የኡዱፒ ሰው፣ ማለትም የማድቫ ተከታይ፣ ይህን ቢሰማ ወዲያው የሚያነሳው ጥያቄ አለ። እኔና እሱ አንድ ከሆንን፣ ማን ነው ለማን የሚያስረክበው? የራማና ሰዎች መልስ አላቸው፦ አስረካቢው ሲጠፋ ጥያቄውም አብሮ ይጠፋል። የኡዱፒው ሰው ደግሞ የሚጠፋ ሰው ምንም አላስረከበም ባይ ነው።